ተፈታቶ የሚጓዝ ትሬቡሼ ከወዳደቁ ዕቃዎች እንዴት ይሠራል?

የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «ያቺ ኳስ የምትወረውረው ማሽን እንዴት ነው የምትሠራው?» ይሉኛል። ግማሾቹ ደዋዮች ጀምረውታል። «ክብደት ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ አሁንም አልሄድ አለኝ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ክብደቱ ላይ አይደለም። ወንጭፉ ላይና ጫፉ ላይ ባለችው ሚስማር ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት፣ ይኸው ሁሉንም በጽሑፍ።

ትሬቡሼ ከባድ ነገር ሲወድቅ የሚያገኘውን ጉልበት ለቀላል ነገር የሚያስተላልፍ መወርወሪያ ነው። አንድ ክንድ በዘንግ ላይ ይቆማል። አጭሩ ወገን ላይ ክብደት ይንጠለጠላል፣ ረጅሙ ወገን ጫፍ ላይ ወንጭፍ ይታሰራል። ሰብል ጠባቂ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲያዞር አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል። አንዱን ገመድ ጣቱ ላይ ያጠልቃል፣ ሌላውን በትክክለኛዋ ቅጽበት ይለቃል። እዚህም ያው ነው። የሚለቀው ግን ጣት ሳይሆን ሚስማር ነው።

ከዚህ በታች ያለው ልክ በ8 ኪሎ አሸዋ ከ60 እስከ 80 ግራም የሚመዝን ኳስ የሚወረውር ነው። ከ1 ሜትር ከ20 የሚረዝም እንጨት የለውም። ተፈትቶ ሲታሰር ሁለት ልጆች ይሸከሙታል፣ ሚኒባስ ታክሲ ላይም ይጫናል።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ

ይህን ሳታነቡ ወደ መጋዝ አትሂዱ።

- ድንጋይ፣ ብሎን፣ ጠርሙስ፣ ማንኛውም ጠንካራ ነገር አይወረወርም። የካልሲ ኳስ ወይም የቴኒስ ኳስ ብቻ።
- ከፊቱም ከኋላውም ሰው አይቆምም። ሁሉም ሰው በጎን በኩል፣ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ። የኋላው ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።
- ሜዳው ከፊት 50 ሜትር፣ ከኋላ 20 ሜትር ባዶ ይሁን። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መንገድ፣ የመኪና መስታወት፣ ከብት በአቅራቢያው አይኑር።
- የተወጠረ ክንድ ያለበት ቦታ ውስጥ እጅም ጭንቅላትም አይገባም። የወደቀ ነገር ለማንሳትም ቢሆን።
- ልጆች ከሆኑ የሚሠሩት፣ መቁረጡና መብሳቱ ላይ አዋቂ አብሯቸው ይቁም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ ዘበኛውን ወይም ፎርማኑን በትህትና ብትጠይቁ ቁርጥራጭ ሞራሌ አይጠፋም። ብረታ ብረቱን ከሰፈራችሁ ቆራሌ ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ሁሉም በአንድ ቦታ አለ።

- 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ፣ በጠቅላላው 8 ሜትር ገደማ
- ለክንዱ፦ 2.5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 105 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ እንጨት። የተሰበረ አልጋ ርብራብ ጥሩ ነው።
- ለዘንጉ፦ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ክብ ብረት። ፌሮ አይሆንም፤ ጥርሱ እንጨቱን ይበላዋል።
- 10 ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ሁሉም እኩል ይሁኑ፤ ሜዳ ላይ የትኛው የት ነበር ስትሉ አትቸገሩም።
- ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከነክዳኑ። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን አትንኩ።
- ለመንሸራተቻው (ኳሱ ከመነሳቱ በፊት የሚንሸራተትበት ወለል)፦ ለስላሳ ጣውላ ወይም ጠርዙ የታጠፈ ላሜራ፣ 25 በ110 ሴንቲ ሜትር
- ወፍራም ናይለን ገመድ 12 ሜትር ገደማ፣ ቀጭን ግን ጠንካራ ሲባጎ 6 ሜትር
- ያረጀ ጂንስ ሱሪ፣ ያረጀ የብስክሌት ካላማዳርያ፣ የቁልፍ መያዣ ቀለበት
- ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ሚስማር 2፣ ወፍራም ሽቦ፣ ሁለት ትናንሽ የላሜራ ቁራጮች፣ ትንንሽ ሚስማሮች
- ቁራጭ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ፣ ዘንጉ ውስጡ የሚያልፍ
- ትንሽ ግራሶ፣ ከጠፋም ደረቅ ሳሙና

መሣሪያ፦ መጋዝ፣ ሰጌቶ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትር።

አሠራር

1. እንጨቱን አጽዱና ቁረጡ። አሮጌ ሞራሌ ውስጥ የተሰበረ ሚስማር አይጠፋም። መጋዙን ያበላሻል፣ ከዚያም በላይ እጅ ይወጋል። ሁሉንም በእጃችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ፈትሹ፣ ያገኛችሁትን በጉጠት ንቀሉ። ከዚያ እንዲህ ቁረጡ፦ ለመሠረቱ 2 ባለ 120፣ ለእግሮቹ 4 ባለ 85፣ ለማገናኛ 2 ባለ 42 እና 1 ባለ 90፣ እንዲሁም 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ 2 ቁራጮች። ቁጥሮቹ በሴንቲ ሜትር ናቸው። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ እንጨት ካለ ለአጫጭሮቹ አድርጉት።

2. መሠረቱን ግጠሙ። ሁለቱን ባለ 120 እንጨቶች ትይዩ አድርጉ። በመካከላቸው 34 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከሥራቸው ሦስቱን ማገናኛዎች አስገቡ፦ አጭሮቹን ከፊትና ከኋላ፣ ባለ 90ውን መሃል ላይ። የመሃሉ በሁለቱም ጎን ወጣ ብሎ ይቀራል። አትቁረጡት፤ ለደረጃ 4 ነው። የኋላው ማገናኛ ከመሃሉ 55 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ማስለቀቂያው የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። በቡሎን እሰሩ። ሚስማር ቢመቱበት ይይዛል፣ ግን አይፈታም፤ ካልተፈታ ደግሞ አይጓዝም። መንሸራተቻውን በሁለቱ እንጨቶች መሃል፣ ማገናኛዎቹ ላይ አንጥፉት።

3. እግሮቹን አቁሙ። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት እግር አለ። አንዱን በመሠረቱ ውጭ በኩል፣ ሌላውን በውስጥ በኩል አድርጉ፣ ከመሃል 40፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀው። በቡሎን እሰሯቸው፣ ግን ገና አታጥብቁ። ከላይ ሲገናኙ በመካከላቸው 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ባለ 10ውን ቁራጭ እዚያ ክተቱ። አሁን ሦስቱንም በአንድ ላይ በ13 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱ። ቀዳዳው ከመንሸራተቻው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ለብቻ ለብቻ ከበሳችኋቸው ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ ዘንጉም ይንጋደዳል። ዘንጉን አሳልፋችሁ ሁለቱም ጎን እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን በሜትር አረጋግጡ፤ ከዚያ ቡሎኖቹን አጥብቁ።

4. ወጥሩት። አሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይነቃነቅም፤ ወደ ጎን ግን ይወዛወዛል። ከመሃለኛው ማገናኛ ጫፍ እስከ እግሮቹ አናት ናይለን ገመድ ሳቡ፣ በሁለቱም ጎን። ገመዱን እጥፍ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ እንጨት አስገብታችሁ ብታጠነጥኑት ይወጠራል። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። የሚወዛወዝ እግር ግን ጉልበቱን ይበላዋል፣ ኳሱም አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይሄዳል።

5. ክንዱን አዘጋጁ። ከአንደኛው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ለክብደቱ፣ 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ለዘንጉ ብሱ። እንግዲህ አጭሩ ወገን 20፣ ረጅሙ 81 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ አንድ ለአራት። ይህ ልኬት ብዙ የሚያሳስት አይደለም፤ ጥቂት ቢዛነፍም ይሠራል። በዘንጉ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ላሜራ በትንንሽ ሚስማር ምቱ፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ። ረጅሙን ወገን ወደ ጫፉ እያቀጠናችሁ ብትልጉት ጥሩ ነው። ጫፉ ላይ ያለች እያንዳንዷ ግራም ከኳሱ ጋር ጉልበት ትሻማለች።

ዘንጉን በግራሶ ቅቡ። ክንዱን መሃል ላይ አድርጋችሁ በሁለቱም ጎን የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አጥልቁ፤ ክንዱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። የዘንጉን ሁለት ጫፎች በካላማዳርያ ጠምጥማችሁ እሰሩ። ክንዱ በአንድ ጣት ሲገፋ ያለ ድምፅ መዞር አለበት። ከተንቋቋ አንድ ነገር እየተፋተገ ነው፤ ሳትፈልጉ አትለፉ።

6. ክብደቱን አንጠልጥሉ። ባዶውን ጀሪካን በናይለን ገመድ፣ በእጥፍ፣ ከክንዱ ቀዳዳ አንጠልጥሉ። ከክንዱ እስከ ጀሪካኑ አናት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። መያዣውን ብቻ አትመኑት፤ ገመዱን በሥሩ በኩልም አዙሩት። ክብደቱ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ መሆኑ ጥቅም አለው። በክንዱ ላይ ከተቸነከረ ክብደት ይልቅ ቀጥ ብሎ ይወድቃል፣ መሠረቱንም አያንገጫግጨውም።

አሸዋውን ሜዳ ላይ ስትደርሱ ሙሉ። 5 ሊትር ደረቅ አሸዋ 8 ኪሎ ገደማ ነው። አሸዋ ከሌለ ውሃም ይሆናል፣ ግን 5 ኪሎ ብቻ ነው። ያረጀ የመኪና ባትሪ በክብደት ምትክ አታስቡ፤ ሲወድቅ ተሰንጥቆ አሲድ ያፈሳል።

7. ወንጭፉን ሥሩ። እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ርቀቱን የሚወስነው ይህና ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ከጂንሱ 12 በ18 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ሁለቱን አጫጭር ጠርዞች ሰብስባችሁ በሲባጎ ጠምጥማችሁ እሰሩ፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ኳሱን የሚያቅፍ ይሆናል። ጂንስ ያልኩት በምክንያት ነው። ፌስታል ያንሸራትታል፣ ሹራብ ደግሞ ኳሱን ይይዝና አይለቅም።

አንዱን ሲባጎ ከክንዱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ በበሳችሁት ቀዳዳ አሳልፋችሁ በደንብ ቋጥሩ። ይሄኛው አይለቅም። የሁለተኛው ሲባጎ ጫፍ ላይ የቁልፍ ቀለበቱን እሰሩ። ይሄኛው ነው ተንሸራቶ የሚወጣው። ኳሱን አስገብታችሁ፣ ቀለበቱን ጫፉ ላይ ያዙና አንጠልጥሉት፦ ሁለቱ ገመዶች እኩል መወጠር አለባቸው። አንዱ ከላላ ኳሱ ሳይደርስ ይወድቃል። ከክንዱ ጫፍ እስከ ኳሱ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በጣም ካጠረ ወንጭፉ የሚጨምረውን ፍጥነት ታጣላችሁ፣ በጣም ከረዘመ ኳሱ መሬት ይጠርጋል።

8. የመልቀቂያዋን ሚስማር ትከሉ። የአንዱን ሚስማር ራስ በሰጌቶ ቁረጡት። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ በአውራ ጣት ሲዳሰስ ምንም የሚቧጥጥ ነገር አይኑረው። ከዚያ በክንዱ ጫፍ፣ በክንዱ አቅጣጫ፣ በቀጭን መብሻ ብሳችሁ ሹሉን ወገን ምቱት። 3 ሴንቲ ሜትር ውጭ ይቅር። በፒንሳ ወደ ውርወራው አቅጣጫ ትንሽ እጠፉት፣ ቀጥ ካለው መስመር 20 ዲግሪ ያህል።

ይህች ሚስማር የማሽኑ ጣት ናት። ክንዱ ሲዞር ወንጭፉ ከኋላው ይከተላል፣ ከዚያ ይቀድመዋል። ቀለበቱ የሚንሸራተተው ወንጭፉና ሚስማሯ አንድ አቅጣጫ ሊይዙ ሲቃረቡ ነው። ሚስማሯ ቀጥ ካለች ቀለበቱ ቶሎ ይወጣል፣ ኳሱ ወደ ላይ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሄዳል። በጣም ከታጠፈች ዘግይቶ ይወጣል፣ ኳሱም ከፊታችን መሬት ላይ ይፈጠፈጣል። የምንፈልገው የመሃሉን ነው።

9. ማስለቀቂያውን ሥሩ። ከክንዱ ረጅም ወገን ጫፍ አካባቢ፣ ከሥር በኩል፣ የወፍራም ሽቦ ቀለበት አጥብቁ። ከኋላው ማገናኛ ላይ ደግሞ ከተመሳሳይ ሽቦ ሁለት ቀለበት። ክንዱ ሲወርድ የሱ ቀለበት በሁለቱ መሃል ይገባል፣ ሁለተኛዋን ረጅም ሚስማር በሦስቱም ታሳልፋላችሁ፤ ልክ እንደ በር ማጠፊያ። ክንዱ ሲታሰር ጫፉ ከመንሸራተቻው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቆም የቀለበቶቹን ቁመት አስተካክሉ። በሚስማሯ ራስ ላይ ከናይለኑ ገመድ 5 ሜትር እሰሩ፣ ወደ ጎን እንድትስቡት።

ከዚህ ሌላ አንድ መጠበቂያ ገመድ አድርጉ። ክንዱን ከማገናኛው ጋር የምታስር፣ ኳሱ ሲሞላ የምትይዝ፣ መጨረሻ ላይ የምትፈታ። ሚስማሯ በስህተት ብትወጣ እጃችሁን የምታተርፈው እሷ ናት።

10. ኳሱን አዘጋጁ። የካልሲ ኳስ መሥራት ለማንም አላስተምርም። ጨርቁን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ፣ ከ60 እስከ 80 ግራም ይሁን። የቴኒስ ኳስ 58 ግራም አካባቢ ስለሆነ እንዳለ ይሆናል። ሦስት አራት ኳስ ከሠራችሁ ሁሉም አንድ ክብደት ይኑራቸው፤ አለበለዚያ ስታስተካክሉ ኳሱ ይሁን ሚስማሯ የለወጠው አታውቁም።

11. አሙቁት። መጀመሪያ ጀሪካኑን በግማሽ ብቻ ሙሉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አትቀያይሩት።

ክንዱን አውርዱና የማስለቀቂያውን ሚስማር አስገቡ። መጠበቂያውን እሰሩ። መንሸራተቻው ላይ ወንጭፉን በክንዱ ሥር ወደ ፊት፣ ወደ ክብደቱ ወገን ዘርጉ። ኳሱን በጨርቁ አስቀምጡ፣ ገመዶቹ ሳይጠማዘዙ ቀጥ ይበሉ። የወንጭፉን ቀለበት በክንዱ ጫፍ ባለችው ሚስማር ላይ አጥልቁ። ሰው ሁሉ በጎን መሆኑን እዩ። መጠበቂያውን ከጎን ሆናችሁ ፍቱ። ራቁ። ጮክ ብላችሁ «ሊለቀቅ ነው!» በሉ፤ ከዚያ ሳቡ።

ኳስ ሳይኖርበት አትልቀቁት። ጉልበቱን የሚወስድለት ነገር ከሌለ ክንዱና እግሮቹ ይቀበሉታል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያው ውርወራ ወደ ኋላ ቢሄድ አትደንግጡ። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ስንሞክር ኳሱ በጭንቅላታችን ላይ አልፎ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ሊቀመጡ ያሰቡበት ሣር ላይ አረፈ። ልጆቹን አስቀድመን ወደ ጎን ስላዞርናቸው ማንም አልተነካም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላ ማንንም አላቆምም።

12. አስተካክሉት። የሚያስደስተው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ደርሶ ይቸኩላል። አንድ ሰው በጎን ሆኖ በስልኩ ስሎው ሞሽን ይቅረጽ። ቀለበቱ ከሚስማሯ ሲወጣ ክንዱ የት እንደነበር ቪዲዮው ያሳያችኋል። ዓይን አይደርስበትም።

- ኳሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ፦ ሚስማሯን ወደ ፊት በጥቂቱ ጨምራችሁ እጠፉ።
- ኳሱ ከፊት መሬት ከመታ፦ ሚስማሯን ቀና አድርጉ።
- ኳሱ ጭራሽ ካልወጣ፦ ሚስማሯ ሸካራ ናት ወይም ቀለበቱ ጠባብ ነው። አለስልሱ፣ ሳሙና ቀቡ።

አንዴ ስታጥፉ ከ5 ዲግሪ አትለፉ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሦስት ጊዜ ወርውሩ፣ ርቀቱን በሜትር ለኩ፣ ጻፉ። አንድ ውርወራ አያሳምንም፤ ነፋስ ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትለውጡ። ኳሱ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ሲወጣ ስታዩ ደርሳችኋል። ያኔ ብቻ ጀሪካኑን ሙሉት። ክብደቱ ሲለወጥ ሚስማሯ እንደገና ትንሽ ማስተካከል ልትፈልግ ትችላለች።

ተማሪዎች ስሌቱን ይወዱታል፦ 8 ኪሎ በ35 ሴንቲ ሜትር ሲወድቅ 27 ጁል ያህል ይሰጣል። ያ ሁሉ ወደ 70 ግራም ኳስ ቢተላለፍ በ45 ዲግሪ 80 ሜትር ይሄድ ነበር። ሜዳ ላይ ከዚያ ሩቡን ወይም ሲሶውን ብታገኙ በደንብ ሠርታችኋል። ቀሪው በክንዱ እንቅስቃሴ፣ በሰበቃና በአየር ይሄዳል።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

ክብደት መጨመር። ከ10 ኪሎ በላይ ስታደርጉ ዘንጉ ሊጎብጥ ይችላል፣ ኳሱም የጨመራችሁትን ያህል አይርቅም። 4 ኪሎ ላይ በትክክል የማይወረውር ማሽን 12 ኪሎ ላይም አይወረውርም፤ ስህተቱን በበለጠ ጉልበት ይሠራዋል እንጂ።

ክንዱን ማወፈር። «እንዳይሰበር» ብለው ሙሉ ሞራሌ የሚያደርጉ አሉ። ክንዱ ከባድ ሲሆን ጀሪካኑ የሚያነሳው ክንዱን ይሆናል።

ሸካራ መንሸራተቻ። ኳሱ በመጀመሪያው ቅጽበት በጣውላው ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የሚስማር ራስ ወይም ስንጥር ካለ ጨርቁ ይያዛል፣ ኳሱም ይወድቃል። ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ዳብሱት።

ያልተስተካከለ መሬት። አንዱ ጎን ከወረደ ክንዱ ቱቦዎቹን እየታከከ ይዞራል። ከመሠረቱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም እንጨት አስገብታችሁ አስተካክሉ።

አፈታቱና ማጓጓዙ

አሸዋውን እዚያው ሜዳ ላይ ድፉት። ዘንጉን ሳቡ፣ ክንዱን አውጡ፣ እግሮቹን ከመሠረቱ ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት በየመጋጠሚያው ሁለቱም እንጨት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ፤ «ሀ» ከ«ሀ» ጋር፣ «ለ» ከ«ለ» ጋር። በሚቀጥለው ጊዜ በ15 ደቂቃ ትገጥሙታላችሁ። ረጃጅሞቹን በካላማዳርያ አንድ ላይ እሰሩ። ቡሎኖቹን፣ ዳዶዎቹንና ሮንዴላዎቹን ባዶው ጀሪካን ውስጥ ክተቱና ክዳኑን ዝጉ። ወንጭፉን ከክንዱ አትፍቱት፤ ልኩ እንዳይጠፋ እዚያው ጠቅልሉት። የሚስማሯን ጫፍ በካላማዳርያ ቁራጭ ሸፍኑ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይወጋ፣ እጥፋቷም እንዳይበላሽ።

ዝናብ ካገኘው እንጨቱን ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ዘንጉንም ጠርጋችሁ ግራሶ ቅቡት። ወንጭፉን የያዘውን ሲባጎ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በጣታችሁ አስኪዱት። የተበጣጠሰ ክር ካገኛችሁ ቀይሩት፣ አዲሱንም በድሮው ልክ ቁረጡት።